ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሰው ላስገባ አስታማሚ

በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከሚተኙት ብዙዎቹ ከሩቅ የመጡ ናቸው፤ ከደባርቅ፣ ከዳባት፣ ከጃናሞራ፣ ከበየዳ። የሪፈር ወረቀት ይዞ፣ ብር ተበድሮ፣ ጋቢውን ተከናንቦ በር ላይ የሚጠብቅ ዘመድ አላቸው። ይህን የምጽፈው ለዚያ ዘመድ ነው። ሰውዎ የገባው በመኪና አደጋ፣ በቀዶ ሕክምና፣ በሳንባ ምች ወይም በመንጋጋ ቆልፍ ሊሆን ይችላል፤ ያንን የሚያክመው ሐኪሙ ነው። ነገር ግን ታማሚው እዚያው ተኝቶ ሳለ ሌላ ኢንፌክሽን ሊይዘው ይችላል። ያም ብዙ ጊዜ የተለመዱትን መድኃኒቶች በተላመደ ጀርም የሚመጣ ነው። ይህን ሁለተኛውን በሽታ በመከላከል ረገድ እርስዎ ከሚገምቱት በላይ ድርሻ አለዎት። እኛ አገር ታማሚን የሚያገላብጠው፣ ፊቱን የሚጠርገው፣ መድኃኒቱን ከውጭ ገዝቶ የሚያመጣው አስታማሚ ነውና።

ሁለተኛውን በሽታ ይወቁት

ታማሚው ሲገባ ያልነበረና ከተኛ 48 ሰዓት ካለፈው በኋላ የጀመረ ኢንፌክሽን፣ ከሆስፒታል የተገኘ ተብሎ ይያዛል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት መሠረት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ሆስፒታል ከሚተኙ 100 ሰዎች 15ቱን ቢያንስ አንድ እንዲህ ያለ ኢንፌክሽን ያገኛቸዋል። በአማራ ክልል በሁለት የማስተማሪያ ሆስፒታሎች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናትም ከመቶ 15 ገደማ ነው ያገኘው። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ቁጥሩ ከመቶ እስከ 30 ይደርሳል።

ምክንያቱን መረዳት ብዙም አያስቸግርም። ጤነኛ ሰው ቆዳው ይጠብቀዋል፤ ሳሉ ሳንባውን ያጸዳለታል፤ ሽንቱ የሽንት መንገዱን ያጥብለታል። ጽኑ ሕሙማን ክፍል የተኛ ሰው ግን በጉሮሮው የመተንፈሻ ቱቦ፣ በፊኛው ካቴተር፣ በደም ሥሩ ካኑላ፣ በአፍንጫው የምግብ ቱቦ ገብቶለታል። ሕይወቱን የያዙለት እነዚሁ ቱቦዎች ለጀርም መግቢያም ይሆናሉ። ክሌብሲዬላ የሚባለው ጀርም ከአንጀት ይመጣል፤ ሱዶሞናስ እርጥበትና የውኃ ማጠቢያ ይወዳል፤ ስታፍ በቆዳና በአፍንጫ ይኖራል። አሲኔቶባክተር የሚባለው ደግሞ በደረቅ የአልጋ ብረት ላይ ለሳምንታት ሳይሞት ይቆያል። እግር የላቸውም፤ ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው የሚሄዱት በአብዛኛው በሰው እጅ ነው።

መድኃኒት መላመድ የሚባለውን በሴፍትሪያክሶን መረዳት ይቻላል። በየጤና ጣቢያውና በየክሊኒኩ በብዛት የሚወጋ መድኃኒት ነው። ክሌብሲዬላን የመሰሉ ጀርሞች ይህን መድኃኒት ቆራርጦ የሚጥል ኢንዛይም መሥራት ተምረዋል፤ የአሠራሩን ቅጂም ለጎረቤት ጀርም፣ ዘሩ ሌላ ለሆነውም ጭምር፣ ያቀብላሉ። በዚያን ጊዜ ሐኪሙ ወደ ሜሮፔኔም ይሄዳል። ሜሮፔኔምንም የሚሰብሩ ጀርሞች አሉ። ከዚያ በኋላ የሚቀሩት እንደ ኮሊስቲን ያሉ ጥቂት መድኃኒቶች ናቸው፤ ኩላሊት ይጎዳሉ፣ እንደልብም አይገኙም። እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ሰዎች በቀጥታ በመድኃኒት መላመድ ሳቢያ እንደሞቱ ተሰልቷል፤ ከሕዝብ ቁጥር አንጻር ከሁሉ የከፋው ከሰሐራ በታች ያለው የእኛው አህጉር ክፍል ነው።

መጀመሪያ ለሐኪሙ የሚነገር

ታማሚው እንደገባ ባለፉት ሦስት ወራት የወሰደውን አንቲባዮቲክ በሙሉ ይናገሩ። በደባርቅ ሆስፒታል የተወጋውን፣ ከግል ክሊኒክ የታዘዘለትን፣ ያለ ማዘዣ ከመድኃኒት ቤት የተገዛውን፣ ጎረቤት የተረፈውን የሰጠውን፣ ሁሉንም። ቁስሉ ላይ የካፕሱል ዱቄት ነስንሰው ከሆነም ይናገሩ። ሐኪሙ ይቆጣኛል ብለው የደበቁት መድኃኒት፣ ከእንግዲህ የማይሠራ መድኃኒት ተመርጦ ሁለትና ሦስት ቀን በከንቱ እንዲያልፍ ሊያደርግ ይችላል። ስሙን ካላወቁት ቤት ያለ ሰው ባዶውን ማሸጊያ በስልክ ፎቶ አንስቶ ይላክልዎ። ፔኒሲሊን ወስዶ አካሉ አብጦበት ወይም ትንፋሹ አጥሮት የሚያውቅ ከሆነ እሱን ሳይጠየቁ አስቀድመው ይናገሩ።

እጅ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚይዙ ከሆነ ይህን ይያዙ። ኢግናትስ ዜመልቫይስ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1847 በቪየና የወላዶች ክፍል ሐኪሞች እጃቸውን በክሎሪን ውኃ እንዲታጠቡ ባደረገ ጊዜ፣ ከመቶ 18 ገደማ የነበረው የወላዶች ሞት በጥቂት ወራት ወደ 2 ገደማ ወርዷል። ያኔ አንቲባዮቲክ የሚባል ነገር አልነበረም። መድኃኒቱ በማይሠራበት ጊዜም ያለን መከላከያ ይኸው ነው።

ሲታጠቡ እንዲህ ያድርጉ። ቀለበት፣ የእጅ ሰዓትና ክር ያውልቁ። ጋቢዎን አውልቀው የሹራብዎን እጅጌ እስከ ክርን ይሰብስቡ። ጥፍርዎ አጭር ይሁን። እጅዎን አርጥበው ሳሙናውን አረፋ እስኪያወጣ ያሹ፤ መዳፍ ለመዳፍ፣ ከዚያ የእጅ ጀርባ፣ በጣቶች መካከል፣ አውራ ጣትን ለብቻ ጨብጦ በማዞር፣ በመጨረሻም የጣቶችን ጫፍ በመዳፍ ላይ። ሰው የሚዘለው አውራ ጣትንና የጣት ጫፍን ነው፤ ታማሚን የምንነካው ደግሞ በእነሱ ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከ40 እስከ 60 ሴኮንድ ይፈጃል። በንጹሕ ነገር ያድርቁ፤ በነጠላ ጫፍ ወይም ሲጠቀሙበት በዋለ ፎጣ የደረቀ እጅ እንዳልታጠበ ይቁጠሩት።

ጎንደር ላይ የውኃን ነገር ሳያነሡ ስለ እጅ መታጠብ ማውራት አይቻልም። አንገረብ ግድብ ለከተማዋ አልበቃ ካለ ቆይቷል፤ ቧንቧው ጸጥ የሚልበት ቀን አለ። ስለዚህ ከቤት ሲወጡ ክዳን ያለው ንጹሕ ጀሪካን፣ ፈሳሽ ሳሙናና አንድ ጠርሙስ ሳኒታይዘር ይያዙ። ደረቅ ሳሙና ከሆነ ትንሽ ቆርጠው ውኃ በማያቁር ነገር ላይ ያስቀምጡ፤ በውኃ ውስጥ የላሸቀ ሳሙና ራሱ ጀርም ያረባል። ሳፋ ውስጥ ተራ በተራ እጅ መንከር አይጠቅምም። እንደ ግብዣ ቤት አንዱ እያስታጠበ ሌላው ይታጠብ። ሳኒታይዘሩ አልኮሉ ከመቶ 60 ያላነሰ መሆኑን ጽሑፉ ላይ ይመልከቱ፤ መዳፍዎን ሞልተው ይቅዱና እስኪደርቅ ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ ይሹት። እጅ ላይ ደም፣ አክታ ወይም ሽንት ካለ ግን አልኮል አይበቃም፤ ሳሙናና ውኃ ያስፈልጋል።

መቼ መቼ? ክፍሉ ሲገቡ፤ ታማሚውን ከመንካትዎ በፊት፤ ከነኩት በኋላ፤ የአልጋውን ብረት፣ አንሶላውን ወይም የሽንት ከረጢቱን ከነኩ በኋላ፤ ሲወጡ። ጓንት ማድረግ ከመታጠብ አያድንም። የአባትዎን ሽንት በደፉበት ጓንት አፋቸውን ቢጠርጉላቸው፣ ጓንቱ የጠበቀው እርስዎን ነው እንጂ እሳቸውን አይደለም።

ባለሙያውም እንዲታጠብ መጠየቅ መብትዎ ነው። ለብዙዎቻችን ይከብዳል፤ ነጭ ጋወን ፊት አንገታችንን እንደፋለን። ግን በአክብሮት ሊባል ይችላል፦ «ሲስተር፣ ቅር እንዳይልዎት፤ አባቴን ከመንካትዎ በፊት እጅዎን አልኮል ያስነኩልኝ።» ሳኒታይዘሩን ዘርግተው ቢሉት ደግሞ ማንም አይቀየምም። ጎንደር ለዚህ እንግዳ መሆን የለባትም። በደምቢያ የተነሣውን የወባ ወረርሽኝ ተከትሎ እ.ኤ.አ. በ1954 እዚህ የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ካሠለጠናቸው ሦስት ሙያተኞች አንዱ ሳኒተሪያን፣ ማለትም የንጽሕና ባለሙያ፣ ነበር፤ ከጤና መኮንንና ከማኅበረሰብ ነርስ እኩል።

ጠያቂ፣ ጋቢ፣ ጸበል

የታመመ መጠየቅ ግዴታችን ነው፤ ዕድሩም ዘመዱም ከዳባት ድረስ መኪና ተኮናትሮ ይመጣል። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ግን ይህን አይችልም። ከቤተሰቡ አንድ ሰው፣ ቢበዛ ሁለት፣ ይመረጥና ሌላው ውጭ ሆኖ ይጠይቅ። ለሽማግሌዎቹ የሚነግር ተሰሚነት ያለው ሰው ይመደብ፤ እርስዎ በሐዘንና በድካም ላይ ሆነው በር ላይ መከራከር የለብዎትም። የሚገባው ሰው ታማሚውን አይስመው፣ አልጋው ላይ አይቀመጥ፣ ጋቢውንና ቦርሳውን አልጋው ላይ አያሳርፍ። ጉንፋን፣ ተቅማጥ ወይም የሚያዥ ቁስል ያለው ሰው ጭራሹን አይግባ፤ ሕፃንም እንዲሁ። የደጋው ብርድ አስፈርቶዎት ብርድ ልብስ ማምጣት ከፈለጉ ነርሷን ጠይቀው፣ ታጥቦ ፀሐይ የመታውን ብቻ ያምጡ።

ስለ ጸበል ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም፤ ብዙ ቤተሰብ ከሐኪም ተደብቆ የሚያደርገው ነገር ነውና። እምነትዎን የሚከለክልዎ የለም። ነገር ግን በጉሮሮው ቱቦ የገባለት ወይም ራሱን የሳተ ሰው መዋጥ አይችልም፤ በአፉ የገባ ጠብታ ወደ ሳንባው ይወርዳል። ከምንጭ የተቀዳ ውኃ ደግሞ እንደ ሱዶሞናስ ያሉ ጀርሞች ሊኖሩበት ይችላሉ፤ እርስዎን የማይነኩት ጀርሞች በካኑላው ዙሪያ ወይም በቀዶ ሕክምናው ቁስል ከገቡ እሱን ይገድሉታል። ዘምዘምም ቢሆን ነገሩ ያው ነው። ጸሎቱን አጠገቡ ሆነው ያድርሱ፤ ጸበሉን መዋጥ እስኪችል ያቆዩለት፤ እምነት የሚባለውን አመድ ፋሻና ቱቦ ባለበት አይቀቡት። ካህን ሲገቡ እጃቸውን ይታጠቡ፤ መስቀሉም ታማሚውን ከማሳለማቸው በፊትና በኋላ በአልኮል ይወልወል። ይህን ለነርሷ በግልጽ ይንገሩ፤ ተደብቆ ከሚደረግ ተነጋግሮ ማድረግ ለታማሚው ይሻላል።

አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ ሆስፒታሎች አስታማሚዎች ይተጋገዛሉ፤ የማያውቁትን የጎረቤት ታማሚ ደግፈው ያቃናሉ፣ ያለብሳሉ። ይህን ደግነት አይተዉት። በሁለቱ አልጋዎች መካከል ግን እጅዎን ይታጠቡ፤ ፎጣና የሽንት ማስቀመጫ አይዋዋሱ።

ቱቦዎቹ

ቱቦ አይንቀሉ፣ አይግፉ፣ አያጥብቁ። የእርስዎ ሥራ ማየትና መንገር ነው። የሽንት ከረጢቱ ሁልጊዜ ከታማሚው ወገብ በታች ተንጠልጥሎ፣ ወለል ሳይነካ መሆን አለበት፤ ታማሚውን ሲያገላብጡ ከረጢቱ አልጋው ላይ ከወጣ ሽንቱ ወደ ፊኛ ይመለሳል። ካኑላው የገባበት ቦታ ከቀላ፣ ካበጠ ወይም ፋሻው ከረጠበ ወዲያው ይናገሩ። በመተንፈሻ ማሽን ያለ ሰው፣ ሐኪሙ በሌላ ምክንያት ካልከለከለ በቀር፣ አልጋው ከራስጌው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ቀና ይላል፤ ጠፍጣፋ ሆኖ ካዩት ይጠይቁ። ጥርሱና አፉ በየቀኑ መጽዳቱንም ይጠይቁ፤ የአፍ ቆሻሻ ወደ ሳንባ ይወርዳልና። አጥሚትም ሾርባም ቢሆን ነርሷ ሳትፈቅድ አይስጡት።

በየቀኑ የሐኪሞች ዙር ሲያልቅ አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ «ዛሬስ ይህ ቱቦ ያስፈልገዋል?» ያለ ጥቅም የቆየ ካቴተር በየቀኑ የኢንፌክሽኑን ዕድል ይጨምራል። ጥያቄው ሐኪሙን ሊያስታውሰው ይችላል።

ትኩሳት ሲነሣ ካልቸር

ተሽሎት የነበረ ሰው እንደገና ቢያተኩሰው፣ አክታው ቢጫ ወይም አረንጓዴ ቢሆን፣ ቁስሉ መግል ቢይዝ፣ ሽንቱ ቢደፈርስ፣ ንቃቱ ቢቀንስ ሁለተኛው በሽታ ጀምሮ ሊሆን ይችላል። ያኔ የሚጠየቀው «ካልቸር ተወስዷል?» ነው። ካልቸር ማለት ከደሙ፣ ከአክታው ወይም ከሽንቱ ናሙና ወስዶ ጀርሙን ማሳደግና የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው መፈተን ነው። ናሙናው መወሰድ ያለበት አዲሱ አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ከተጀመረ በኋላ ጀርሙ ላያድግ ይችላል። ሆኖም ታማሚው የደም ግፊቱ እየወረደ ከሆነ መድኃኒቱ ናሙና ሲጠበቅ መዘግየት የለበትም፤ ይህን ሐኪሙ ይወስናል።

ናሙናውን ወደ ሌላ ላቦራቶሪ እንዲያደርሱ ከተጠየቁ መንገድ ላይ አይቆዩ። የደም ካልቸር ጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ አይገባም። ሽንት ግን ከሁለት ሰዓት በላይ የሚቆይ ከሆነ መቀዝቀዝ አለበት። የመጀመሪያው ውጤት ብዙ ጊዜ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ይታወቃል፤ የደም ካልቸር ምንም አላደገም እስኪባል እስከ አምስት ቀን ይጠበቃል። ቀኑን ይመዝግቡና በሦስተኛው ቀን ውጤቱን ይጠይቁ፤ ወረቀቱ ላቦራቶሪ ደርሶ አልጋው ዘንድ ያልደረሰበት ጊዜ አለ።

መድኃኒት ሲገዙ

መድኃኒቱ ከሆስፒታሉ ጠፍቶ ማዘዣ ይዘው ከወጡ መጀመሪያ ነርሷን «የስንት ቀን ልግዛ?» ብለው ይጠይቋት። የካልቸር ውጤት እየተጠበቀ ከሆነ መድኃኒቱ ሊቀየር ይችላል፤ የሁለት ወይም የሦስት ቀን ገዝቶ መጠበቅ ገንዘብ ያድናል። የተበደሩትን ብር በማይወጋ ብልቃጥ ላይ ማዋል የለብዎትም።

መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ሳይቸኩሉ ያንብቡ። ማዘዣው ሜሮፔኔም 1 ግራም በየ8 ሰዓቱ ቢል፣ ብልቃጡ 1 ግራም ከሆነ በቀን ሦስት፣ 500 ሚሊግራም ከሆነ በቀን ስድስት ያስፈልጋል። ዋጋው ረከሰ ብለው የገዙት ግማሹን የያዘ ሊሆን ይችላል። ቫንኮማይሲንም እንዲሁ በ500 ሚሊግራምና በ1 ግራም ይሸጣል። የሚያበቃበትን ቀን፣ ክዳኑ ያልተነካ መሆኑን ይዩ፤ ደረሰኝ ይቀበሉ፤ ያልተከፈተ ቢመለስ ይቀበሉ እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። በሱቅና በመንገድ ከሚሸጥ አይግዙ። ሻጩ «ይህ የለም፣ ያው ነው» ብሎ ሌላ ቢሰጥዎ ሐኪሙ ሳይፈቅድ አይቀበሉ።

ሰዓቱ ትልቅ ነገር ነው። በየ8 ሰዓቱ ማለት ለምሳሌ ከጠዋቱ 12፣ ከቀኑ 8፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። የቀኑ 8 ሰዓት የመጨረሻው ብልቃጥ ከሆነ፣ የምሽቱን መድኃኒት ቤቶች ሳይዘጉ መፈለግ አለብዎት። አንድ ጊዜ ሲዘለል በደም ውስጥ ያለው መድኃኒት ይወርዳል፤ በዚያ ክፍተት የሚተርፉት ጠንካሮቹ ጀርሞች ናቸው። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ያስጠነቀቀው ስለዚሁ፣ አንሶ ስለሚሰጥ መድኃኒት ነበር። አንድ ደብተር ይያዙ፤ የመድኃኒቱን ስም፣ የተሰጠበትን ሰዓትና የቀረውን ብልቃጥ ይጻፉ።

በተቃራኒውም፣ ሐኪሙ አንቲባዮቲኩን ሲያቆም ወይም ካልቸሩ ጠባብ መድኃኒት ይበቃዋል ብሎ ወደ ርካሹ ሲመልሰው «ተስፋ ቆረጡበት» ብለው አይደንግጡ። ጥሩ ሕክምና ማለት ይህም ነው። ምክንያቱን ግን እንዲያስረዱዎት ይጠይቁ።

ጀርሙ መድኃኒት የተላመደ ሆኖ ሲገኝ

ታማሚው ወደ ጥግ ወይም ወደ ብቻ ክፍል ሊወሰድ፣ ባለሙያዎቹ ጋወንና ጓንት ለብሰው ሊቀርቡት፣ የራሱ የሙቀት መለኪያ ሊመደብለት ይችላል። ይህ መጸየፍ አይደለም። እርስዎም የሚሰጥዎትን ጋወን ለብሰው ይግቡ፤ ሲወጡ እዚያው አውልቀው እጅዎን ይታጠቡ፤ ለብሰውት ወደ መተላለፊያው አይውጡ። ጤነኛ አስታማሚን እንዲህ ያለው ጀርም ብዙ ጊዜ አያሳምመውም፤ በእጁ ተሸክሞ ወደ ቀጣዩ አልጋ ማድረሱ ነው ጣጣው።

ወደ ቤት ሲመለሱ

ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ቁስሉ እስከ 30 ቀን ድረስ ሊያመረቅዝ ይችላል፤ ብረት የገባለት ከሆነ እስከ 90 ቀን። ቀልቶ ካበጠ፣ ከሸተተ፣ ትኩሳት ካለው፣ የቤት ካፕሱል ሳይነሰነስበት በአቅራቢያ ወዳለው ጤና ተቋም ይወሰድ። የታዘዘለትን የሚዋጥ መድኃኒት በታዘዘለት ቀን ልክ ይውሰድ፤ ከተረፈም ለሳል፣ ለጥርስ፣ ለልጅ ተብሎ አይቀመጥ፤ ለመድኃኒት ቤት ይመለስ።

ከሆስፒታሉ ሳይወጡ የመውጫ ማጠቃለያውንና የካልቸሩን ውጤት ቅጂ ይጠይቁ። የጀርሙ ስም፣ የሠሩትና ያልሠሩት መድኃኒቶች እዚያ ላይ ተጽፈዋል። በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልለው ከጤና መድኅን ደብተሩ ጋር ያስቀምጡት፤ ከሦስት ወር በኋላ ደባርቅም ሆነ ጎንደር እንደገና ቢታመም፣ ሐኪሙ መርፌ ከማዘዙ በፊት ያንን ወረቀት ያሳዩት።